ወባ የመሰለው የብየዳ ጢስ

ኮምቦልቻ ላይ ማታ ብርድ ብርድ ያለውና ያተኮሰው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው። አንድ የቅርጻ ቅርጽ መምህርና ሁለት ተማሪዎቹም በአንድ ሌሊት ሲንቀጠቀጡ ያሰቡት ይህንኑ ነበር። የደም ምርመራው ግን ወባ አላሳየም። ነገሩ የተገለጠው ጤና ባለሙያዋ «ቀን ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ብላ ስትጠይቅ ነው።

ሲበይዱ ነው የዋሉት፤ ያውም በር ዘግተው። መምህሩ ለዓመታት ረቂቅ ቅርጾቹን የሠራው በአዲስ ቱቦላሬና በጥቁር ላሜራ፣ ማለትም ዚንክ ባልተቀባ የብረት ቱቦና ሉህ ነው። የዚያን ቀን ግን ከቁርጥራጭ ብረት ክምር የተጣመመ አሮጌ የውኃ ቧንቧ አገኘ። ረቂቅ ቅርጽ የሚሠራ ሰው ብረት የሚመርጠው በጉብጠቱና በመስመሩ ነው፤ ምን እንደተቀባ ማየት ይዘነጋል።

የውኃ ቧንቧም ሆነ የጣሪያ ቆርቆሮ እንዳይዝግ በዚንክ ይሸፈናል። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ብረቱ የሚቀልጠው ወደ 1500 ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ዚንኩ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ጢሱ ነጭና ወፍራም ነው፤ በተበየደው መስመር ዳርና ዳር የተነደፈ ጥጥ የመሰለ ብናኝ ይተዋል፤ ብየዳው ይፈነጣጠራል፣ ቀዳዳ ቀዳዳም ያወጣል። ይህን ጢስ የተነፈሰ ሰው ያተኩሰዋል፤ ትኩሳቱ የሚመጣው ግን ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ትንፋሽ ካጠረ ግን በፍጥነት ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። በያጆች የሚጠጡት ወተት ጢሱ ሳንባ እንዳይገባ አያግድም፤ ይህን ለተማሪ በግልጽ መንገር ይገባል።

ከመበየድ በፊት ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ 5 ሴንቲሜትር ያህል ሽፋኑ በግራይንደር ይነሳል። ዲስኩ ዚንክ ላይ እያለ ፍንጣሪው እምብዛም ነው፤ ብረቱን ሲነካ ደማቅ ፍንጣሪ ይበተናል፤ ያኔ ተነስቷል ማለት ነው። የቧንቧው ውስጥ ደግሞ በድቡልቡል ሞረድ ይፋቃል። እዚያ ጥቂት መቅረቱ ስለማይቀር ብየዳው ደጅ ይሁን፤ ነፋሱም ከጎን ይምጣ። ከጀርባ ሲመጣ ጢሱን ፊት ላይ ያሽከረክረዋል። የጨርቅ ማስክ ዋጋ የለውም፤ ከብየዳ ጭምብሉ ሥር ለብረት ጢስ የተሠራ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ ይደረጋል።

የተፋቀው ቦታ ራቁቱን ከቀረ በመጀመሪያው ክረምት ይዝጋል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ዚንክ ያለው ቀለም ሁለት እጅ ይቀባል።