ሐረጎ ላይ የተገለበጠው ኢሱዙ

ይሄን የምጽፈው በዋናነት ጋራዥ ውስጥ ለሚሠሩ ልጆች ነው፣ ሹፌሮችም ብታነቡት ደስ ይለኛል።

የዛሬ ስምንት ዓመት ክረምት ላይ ነው። ከደሴ ጤፍ ጭኖ የሚወርድ ኢሱዙ ኤንፒአር ሐረጎ ኩርባው ጋ አንሸራቶት ቦይ ውስጥ ገባና ጎማውን ወደ ሰማይ አድርጎ አደረ። ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከ2,500 ሜትር አካባቢ ተነስተህ ኮምቦልቻ 1,800 ምናምን እስክትደርስ መጠማዘዝ ብቻ ነው፣ ጉም ከወረደ ደግሞ የፊትህን መኪና ፍሬን መብራት ካየህ ትልቅ ነገር ነው። ሹፌሩም ረዳቱም አልሐምዱሊላህ ተርፈዋል። ጠዋት ክሬን አቆማትና እኛ ጋራዥ ተጎትታ መጣች፣ ኮምቦልቻ።

ባለቤቱ ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም፣ ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ የጋቢናው ነገር ይቆይ፣ ሞተሯን ብቻ አንዴ አስነሳልኝና ልቤ ይረፍ» አሉኝ። «አብሽር ሐጂ» አልኳቸው። ዘይቷን ስለካ ጎድሏል፣ መሬት ፈስሶ ነው ብዬ ሁለት ሊትር ጨመርኩ፣ ባትሪ ቀየርኩ፣ ቁልፍ ጠመዘዝኩ። ጓ! ብላ ቀጥ አለች። ማስነሻው ሞተሪኖ ደክሞ መስሎኝ ደገምኩት። ተነሳች፣ ጋራዡ በሰማያዊ ጭስ ታፈነ፣ ወዲያው ከውስጥ ብረት ብረትን ሲመታ ሰማሁና አጠፋሁ። ቴስታታው (የሞተሩ ክዳን) ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር ቢዬላ፣ ፒስተኑን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ብረት፣ ጎብጧል። ጎደለ ብዬ የተካሁት ዘይት የት ሄዶ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ፣ ፒስተኑ አናት ላይ ነበር የተኛው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመኪና ሞተር ዘይቱ ከታች ገንዳው ውስጥ ይቀመጣል፣ ፖምፓው ከዛ እየሳበ ዘንጉ ወደሚሽከረከርበት ብሮንዝ ይልካል፣ ሥራውን ጨርሶ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይወርዳል። መኪናው ተገልብጦ ሲያድር ያ ሁሉ ዘይት ወደ ፒስተኖቹ ሆድ ይገለበጣል፣ ፒስተኑን በሚከቡት ቀለበቶች፣ በፋሻዎቹ፣ ክፍተት ቀስ እያለ ወደ ማቃጠያው ይሰርጋል፣ በመተንፈሻው ቱቦም አድርጎ ወደ አየር መሳቢያው የሚገባ አለ። አየር ይጨመቃል፣ ዘይት ግን አይጨመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ግድግዳ ያገኛል፣ እና የሚሸነፈው ቢዬላው ነው።

በዛው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለእረፍት ከአዲስ አበባ መጣ፣ የአውሮፕላን ጥገና ነው የተማረው። ቡና ላይ ነገሩን ስነግረው «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የአውሮፕላን መካኒክ የድሮ ጠላት ነው» አለኝ። ሲሊንደሮቻቸው በክብ የተደረደሩ የድሮ ሞተሮች ላይ ቆመው ሲያድሩ ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል፣ ስለዚህ ከመነሳቱ በፊት ፕሮፔለሩን በእጅ ያዞሩታል፣ ከጠነከረባቸው አይታገሉም፣ የታችኞቹን ካንዴላ ፈተው ያፈሱታል።

ታዲያ ትርዒት የሚያሳዩት እየተገለበጡ የሚበሩት እንዴት ይሆናሉ ስለው ስኒውን አስቀምጦ በእጁ ያሳየኝ ጀመር። ላይኮሚንግ የሚባል ሞተር አለ፣ ስሙ ላይ ኤኢ የሚል ምልክት ያለበት ለትርዒት የተሠራው ነው። እዛ ላይ የሚገጠም ክሪስተን የሚባል ሲስተም ውስጥ ከባድ ኳሶች ያሉበት ቫልቭ አለ። ቀጥ ብሎ ሲበር ፖምፓው ከታች ገንዳው ይስባል፣ ሞተሩ ደግሞ ከላይ ባለው ቱቦ ይተነፍሳል። ሲገለበጥ ኳሶቹ በክብደታቸው ይወድቁና የገንዳውን መስመር ይዘጋሉ፣ ዘይቱ አሁን የተጠራቀመው የሞተሩ አናት በነበረው በኩል ስለሆነ ያው መተንፈሻ የነበረው ቱቦ ዘይት መሳቢያ ይሆናል፣ መተንፈሱ በሌላው በኩል ይዞራል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ኳስና ክብደት ብቻ! እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሳይ እጄ ያሳክከኛል። ኳሱ እስኪቀየር የዘይት ግፊቱ ለቅጽበት ዝቅ ይላል፣ በጎን ሲበር ወይ አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደታች ሲወርድ ደግሞ ፖምፓው አየር ሊስብ ስለሚችል ፓይለቱ እዛ ላይ አይቆይም።

በጣም የገረመኝ ግን ሌላ ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሙሉ ክብ ሲሠራ የክቡ አናት ላይ ተገልብጧል አይደል፣ ግን ፓይለቱ መሪውን በደንብ ከሳበ ዘይቱ ከገንዳው ንቅንቅ አይልም፣ ኳሶቹም አይቀየሩም። ልጅ ሆነን ቦርከና ወንዝ ዳር ባልዲ ውሃ ይዘን ስናሽከረክረው ጠብታ እንደማይፈሰው ማለት ነው። ዘይቱ የሚያውቀው ወዴት እንደተገፋ እንጂ ሰማዩ በየት በኩል እንዳለ አይደለም።

አምና እንደዛው የተገለበጠ ሌላ ኢሱዙ መጣልኝ። ባለመኪናው ወጣት ነው፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ «አንዴ ሞክራት በናትህ» ይላል። ቆይ አልኩት። ነዳጅ የሚረጩትን አራቱንም ኖዝል ፈታሁ፣ አየር ማጣሪያውንና ቱቦውን አውርጄ ጠረግኩ፣ የሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ባለው የፑሌጃ ቡሎን ላይ መፍቻ አስገብቼ ሞተሯን በእጄ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ከሁለተኛው ሲሊንደር ቀዳዳ ጥቁር ዘይት ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ እስከ ደረቴ ቁመት ተረጨ። ልጁ ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተና ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።