«አትክፈተኝ» ያለው የሲዶና ንጉሥ

ኢስታንቡል የሄደ ሰው አያ ሶፊያንና የቶፕካፒን ቤተ መንግሥት ሳያይ አይመለስም። ከቶፕካፒ ወረድ ብሎ ያለውን የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ግን ብዙው ጎብኚ ያልፈዋል። እኔ የሄድኩት በዋናነት ለሱ ነው። የድንጋይ ሬሳ ሣጥኖቹን በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር።

ሣጥኖቹ የመጡት ከሲዶና ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከጢሮስ ጋር የምናውቃት ሲዶና፣ ዛሬ ሳይዳ የምትባለው የሊባኖስ የባሕር ዳር ከተማ። በ1887 እ.ኤ.አ. እዚያ መሬት ሲቆፈር ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ተገኘ። ከሥሩ ከዐለት የተፈለፈሉ ክፍሎች አሉ፤ ክፍሎቹ ውስጥ ደግሞ የነገሥታት ሣጥኖች። አገሩ ያኔ በኦቶማኖች ሥር ስለነበር የሙዚየሙ ኃላፊ ዑስማን ሐምዲ ቤይ ራሱ ሄደ። ያን ሁሉ ክብደት በጉድጓዱ አፍ ሽቅብ መሳብ ስለማይሆን በጎን ዋሻ አስቆፍሮ አወጣቸው። ኢስታንቡል ሲገቡ የሚበቃ ቤት አልነበረም። በ1891 የተከፈተው ሕንጻ የተሠራው ለነሱ ሲባል ነው።

ሰው ሁሉ የሚከበው «የእስክንድር ሣጥን» የሚባለውን ነው። የተቀበረበት ግን ታላቁ እስክንድር አይደለም። ብዙ ሊቃውንት እስክንድር ሲዶና ላይ ያነገሠው አብዳሎኒሞስ ነው ይላሉ። ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ያልፋል፤ እብነ በረዱ ከግሪክ የመጣ ነው። በአንዱ ጎን እስክንድር የአንበሳ ቆዳ ራሱ ላይ አጥልቆ በፈረስ ፋርሶችን ያሳድዳል። በሌላው ጎን መቄዶናውያንና ፋርሶች አብረው አንበሳ ያድናሉ። ጠጋ ብዬ ጣቶቻቸውን አየሁ። ሁሉም የሆነ ነገር ጨብጠዋል፣ ጭብጣቸው ግን ባዶ ነው። ከብረት የተሠሩት ትንንሽ ጦርና ሰይፎች ወልቀው ጠፍተዋል። ልብሶቹ እጥፋት ውስጥ አሁንም ቀይና ቢጫ ቀለም ይታያል። ያን ሁሉ ጥበብ ከመሬት በታች ለጨለማ መሥራታቸው ይገርማል።

እኔን ያቆመኝ ግን «የአልቃሾቹ ሴቶች» የሚባለው ነው። 18 ሴቶች በአምዶች መካከል ቆመዋል፣ ተቀምጠዋል። አንዷ አገጯን በእጇ ደግፋለች። ሌላዋ አንገቷን ደፍታለች። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ የምናያቸው እናቶች ቁርጥ እነሱ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ ናቸው ቢሉኝ ማመን አቃተኝ።

ከዚያ የሲዶናው ንጉሥ ታብኒት ጋ ደረስኩ። የሱ ሣጥን ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በሰው ቅርጽ የተሠራ። መጀመሪያ የተሠራው ለፔንፕታህ ነው፣ ለግብፃዊ የጦር አዛዥ። የግብፁ ጽሑፍ ዛሬም አለ። እግሩ አካባቢ ደግሞ በፊንቄ ፊደል የታብኒት ቃል ተቀርጿል። የአስታሮት ካህንና የሲዶናውያን ንጉሥ ነኝ ይላል። አስታሮት ያቺ ሰሎሞን ሳይቀር ተከተላት የተባለችው የሲዶናውያን ጣዖት ናት። ከዚያ ይለምናል። ያገኘኸኝ ሁሉ፣ አትክፈተኝ፣ አታውከኝ፤ እኔ ዘንድ ብርም ወርቅም የለም፤ እዚህ የተኛሁት እኔ ብቻ ነኝ። ከከፈትከኝ ከፀሐይ በታች ዘር አይኑርህ፣ ከሙታንም ጋር ማረፊያ አታግኝ።

ተከፈተ። ሬሳው ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍቆ ቆዳው እንኳ አልጠፋም ነበር። ሠራተኞቹ ፈሳሹን ደፉት፣ አካሉም ፈረሰ። አሁን አጥንቱ እዚያው ለጎብኚ ይታያል።

ልጁ ኤሽሙናዛርም አልቀናውም። በነገሠ በ14 ዓመቱ ሞተ። ያለ ጊዜዬ ተቀጠፍኩ ብሎ አስጽፏል። ሣጥኔን ከቦታው እንዳትወስዱም ብሎ ነበር። ሣጥኑ በ1855 ተገኘ፣ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ነው።

አክሱም የገብረ መስቀል መቃብር ወርጄ የድንጋይ ሣጥኖቹን ሳይ ምንም አልከበደኝም፤ ባዶ ናቸው። እዚህ ግን ከበደኝ። ሣጥኖቹ ይታዩ፣ ልጆቻችንም ይማሩባቸው። ባይወጡ ኖሮ የአልቃሾቹን ፊት ማን ያየው ነበር? የታብኒትን አጥንት ግን መልሰው ሣጥኑ ውስጥ ቢያኖሩትና ቢከድኑት ሙዚየሙ ምንም አይጎድልበትም።