ዝናብ፣ ቆርቆሮና የወንድሜ ድምፅ፦ የቧንቧ ቪዲዮ ሥራዬ እስካሁን

ትናንት ማታ 31ኛውን ቪዲዮ ለቀቅኩ። ዛሬ ጠዋት ቡናው ሳይፈላ ስልክ ተደወለ። ከአጂፕ ሰፈር አንድ እናት ናቸው። «ያቺ ቧንቧው ሲያፏጭ የሚሰማባት ቪዲዮ የእናንተ ናት? የኔም ግድግዳ ማታ ማታ እንደዚያ ይላል» አሉኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ።

ለማታውቁኝ፦ ወንድሜ እዚህ ጅማ የቧንቧ ባለሙያ ነው። አሁን አሁን ከጥገናው ይልቅ ምርመራውን ይዟል። ግድግዳ ሳይፈርስ፣ ሴራሚክ ሳይነሣ ውኃው የት እንደሚያፈስ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው። እኔ ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ማታና ቅዳሜ ስልክ ይዤ እከተለዋለሁ። ቀራጭም፣ ቆራጭም፣ ቦርሳ ተሸካሚም እኔው ነኝ።

ስለ መጀመሪያዎቹ አሥር ቪዲዮዎች ባላወራ ደስ ይለኛል። ስልኩን አግድሜ የቀረጽኳቸው፣ ሙዚቃ የደፋሁባቸው፣ ወንድሜ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብሎ «ውድ ደንበኞቻችን» የሚልባቸው ናቸው። ስልክ ማቆምና ካፕካት በሚባለው የቪዲዮ መተግበሪያ መቁረጥ ሳምንት አይፈጅም፤ እዚያ ላይ አልቆይም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ከወረደ ስልካችሁ አልተበላሸም። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ አንዳንዱ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ያየዋል። በስልኩ ካሜራ ፕሮ የሚለውን ክፈቱና የሹተሩን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። እኔ ይህን እስካውቅ ሁለት ወር ሙሉ የሰው አምፖል ሳስቀይር ነበር።

ሌላው ራስ ምታት ሥራው ራሱ ነበር። ሰው ለማስጠገን ይከፍላል፤ ለማየት መክፈል ግን ይከብደዋል። «አይቶ ለመሄድ ነው ገንዘብ?» ይሉናል። ወንድሜ ይናደዳል። እኔ ግን ይገባኛል። ስለዚህ 14ኛው ቪዲዮ ላይ «ሐኪም ቤትም መጀመሪያ ካርድ ይወጣል» አስባልኩት። ከዚያ ወዲህ ክርክሩ ቀነሰ። ቀይ ሥር ጨምቀን ሲፎን ውስጥ የጨመርንበትም ጥሩ ሄደ። ውኃ ሳትለቁ አሥራ አምስት፣ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ከቀላ ሲፎኑ ያፈሳል ማለት ነው። ሰው እቤቱ ሞክሮ፣ ቀልቶ ሲያይ ይደውላል።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ድምፅ።

ጅማ ዝናብ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ሰኔን አይጠብቅም፤ መስከረም ጠብቶም አይለቅም። የቤቱ ጣሪያ ደግሞ ቆርቆሮ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉን አዘጋጅተን ወንድሜ አፉን ሲከፍት ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ከዚያ ዶፉ ይወርዳል። ቪዲዮው ላይ የሚሰማው ከበሮ ነው። ዝናብ በሌለበት ቀን ደግሞ ሴራሚኩ አለ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ አንድ ቃል ስትናገሩ ግድግዳው አምስት አድርጎ ይመልሳል። የገደል ማሚቶ በሦስት ካሬ ክፍል!

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ መተግበሪያ ነው። ጩኸት ያጠፋል የተባለውን ሁሉ አወረድኩ። ዝናቡ ቀነሰ፣ ወንድሜም ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሮቦት ሆነ። የቆርቆሮ ዝናብ ከቀጭኑም ከወፍራሙም ድምፅ ላይ ይደርሳል፤ እሱን ስታጠፉ የሰውየውንም ድምፅ አብራችሁ ትልጣላችሁ። በዚህ ጉዳይ ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ የለም፦ የተበላሸ ድምፅ በመተግበሪያ አይድንም። ደግማችሁ ቅዱት።

ቀጥሎ ኮሌታ ላይ የሚሰካ ባለ ገመድ ማይክ ገዛሁ። ይሄ ለማሚቶው በጣም ረድቶኛል። ማይኩ ከአፍ ሲርቅ፣ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። ከግድግዳ የሚመለሰው ግን ያው ነው። ስለዚህ ውድ ማይክ በሁለት ሜትር ከሚቀመጥ፣ ርካሹ በአንድ ስንዝር ይሻላል። ግን የሥራ ቱታ ይንኮሻኮሻል። ወንድሜም ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነው። የመጀመሪያው ማይክ ፖዜቶ፣ ማለትም የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። አላወጣሁትም። እንዳወጣውም አትምከሩኝ።

ባጃጅ ውስጥም ሞክረናል። ሸራው ላይ ዝናቡ ከቆርቆሮውም ባሰ።

በመጨረሻ ምስሉንና ድምፁን ለየኋቸው። ቀን ምስል ብቻ እንቀርጻለን፤ ዝናቡ የፈለገውን ይበል። ማታ ሲያባራ ወንድሜ አልጋው ላይ ቁጭ ይላል፣ ጋቢ እናለብሰዋለን፣ ማይኩን ከአፉ አንድ ስንዝር አድርጎ ያወራል። እናታችን መጀመሪያ ቀን ስታየን አሞት መስሏት ነበር። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ መጣ። ጋቢው ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ነጠላ አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ።

ጋቢ ውስጥ ሆኖም «ውድ ደንበኞቻችን» ማለቱን አልተወም ነበር። ጽሑፍ ሰጠሁት፣ ባሰበት። አሁን የማደርገው እንደ ደንበኛ መጠየቅ ነው። «ሮቶው ከፍ ብሎ ተቀምጦ ሻወሩ ለምን ይንጠባጠባል?» እለዋለሁ። «ስንት ሜትር ነው? ሦስት ሜትር? አሥር ሜትር ሲሆን ነው እኮ አንድ ባር ግፊት የሚሰጥሽ!» ብሎ ይቆጣኛል። ጥያቄዬን ቆርጬ አወጣለሁ፣ ቁጣውን አስቀራለሁ። ሰው የወደደውም ቁጣውን ነው።

ያቺ ጠዋት የተደወለላት፣ ቧንቧው የሚያፏጭባት ቪዲዮ ግን የተገኘችው በአጋጣሚ ነው። በእኛ ሰፈር ውኃ በብዛት የሚመጣው ሌሊት ነው። ወንድሜ ውኃ በመጣ ሰዓት ካቻቢቴውን ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። የሚያፈስበት ቦታ ሲደርስ ሽሽሽ ይላል። አንድ ሌሊት እኔም ማይኩን በጨርቅ ጠቅልዬ ቧንቧው ላይ አሰርኩት። ከዚያ የሁሉም ክፍል ቧንቧ ተዘግቶ የቆጣሪው ትንሿ ቀይ ምልክት ስትዞር ቀረጽኩ። ድምፁን ከምስሉ ጋር ገጠምኩት። ንግግር የለ፣ ሙዚቃ የለ። 22 ሰከንድ። ለአራት ወር ከወንድሜ አፍ ድምፅ ለማውጣት ስታገል ቧንቧው ራሱ ሲናገር ነበር ማለት ነው።

ሙዚቃ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር እንደማልስማማ አውቃለሁ። የፍሳሽ ቪዲዮ ላይ የሠርግ ዘፈን የሚጭን ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ አይገባኝም። እኔም ሰባት ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አሁንም አይገባኝም።

ቋንቋ ላይ ግን ዘግይቻለሁ። ጅማ ላይ በአማርኛ ብቻ መሥራት ግማሹን ደንበኛ በር ላይ መተው ነው። ጎረቤታችን አፋን ኦሮሞውን ታነብልኛለች፤ ጋቢዋን ይዛ ትመጣለች። ጽሑፉን በቁቤ የምትጽፈውም እሷ ናት። የእኔን ሆሄ ግድፈት አይታ ነው የተረከበችኝ።

ፈቃድ መጠየቅ ላይም አጥፍቻለሁ። ሄርማታ ሰፈር አንድ ቤት ስልኬን ሳወጣ እማማ «አንቺ ልጅ፣ ገመናዬን ለአገር ልታሳዪ ነው?» አሉኝ። አፈርኩ። አሁን ፊት፣ በርና አጥር አልቀርጽም። የቀረጽኩትንም ከመውጣቴ በፊት አሳያለሁ፤ ካልወደዱት እዚያው ፊታቸው አጠፋለሁ። እሳቸውም ቆይተው እሺ ብለዋል። ቅዳሜ ፖዜቷቸውን በትንሿ የቧንቧ ካሜራ እንቀርጻለን። ግን መጋረጃው እስኪታጠብ ጠብቁ ብለውናል። ፖዜቶው ያለው ጓሮ ነው፤ መጋረጃው አይታይም። ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም ይታጠብ ብለዋል።