«ሰላም» ብሎ መጻፍ 720 ባይት ነው

«ሰላም» ስጽፍ «ሰልላም» እያለ አስቸገረኝ። ነገሩ የተጀመረው ከዚህ ነው። ሁሌ አይደለም፣ ከአስር አንዴ ምናምን። ላፕቶፑን የገዛሁት ያገለገለ ነው፣ ሊነክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሲስተም) ጭኜበታለሁ። አማርኛ የምጽፈው በድምፅ ነው፤ ኤስ እና ኢ ስነካ ሰ ይመጣል፣ ኤል እና ኤ ላ፣ ኤም ብቻውን ም። ጥፋቱ የአማርኛ መጻፊያው መስሎኝ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት። ያው ነው። ስለዚህ ከጣቴ ተነስቶ ስክሪኑ እስኪደርስ ምን እንደሚያልፍ ከታች ጀምሬ ላየው ወሰንኩ። ሦስት ሳምንት ማታ ማታ የያዝኩት ይሄን ነው።

ሊነክስ ላይ ኪቦርድም፣ ማውስም፣ ታችፓድም እያንዳንዱ የራሱ ፋይል አለው። ዴቭ በሚባለው ፎልደር ስር፣ ኢንፑት ውስጥ ገብታችሁ እዩ፤ ኢቨንት 0፣ ኢቨንት 1 እያለ ይቀጥላል። የእኔ ኪቦርድ ኢቨንት 3 ነው። የእናንተን ለማወቅ ኢቪቴስት የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም አስነሱ፣ ይዘረዝርላችኋል።

ከፋይሉ የሚወጣው ነገር ቀላልነቱ ነው የገረመኝ። አንዱ ኢቨንት፣ ማለትም ቁልፍ ሲነካ ወይም ማውስ ሲንቀሳቀስ የሚወጣው መልእክት፣ ሰዓት፣ ዓይነት፣ ኮድ እና ዋጋ ይይዛል፣ በቃ። በ64 ቢት ማሽን 24 ባይት ነው፦ 16ቱ ለሰዓት፣ 2 ለዓይነት፣ 2 ለኮድ፣ 4 ለዋጋ። እኔ በመጀመሪያው ቀን በፓይተን ሳነብ አንዱን 16 ባይት አድርጌ ቆጠርኩና (በድሮው 32 ቢት አሠራር ልክ ነው) ሁለት ሰዓት ሙሉ ትርጉም የለሽ ቁጥር ሳይ አመሸሁ። 24 ሳደርገው ወዲያው ጠራ።

መጀመሪያ የታየኝ የቁልፍ ኢቨንት ኮድ 28፣ ዋጋ 0 ነበር። ገና ምንም አልነካሁም እኮ! ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። 28 ኢንተር ነው፣ 0 ደግሞ «ተለቀቀ» ማለት ነው። ፕሮግራሙን ለማስነሳት ኢንተር ተጭኜ ነበር፤ ጣቴ ሳይነሳ ፕሮግራሙ ፋይሉን ከፍቶ ማንበብ ጀምሯል። ሲጫን 1፣ ሲለቀቅ 0፣ ይዛችሁ ስትቆዩ 2 እየደጋገመ ይመጣል።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፦ ኪቦርዱ ፊደል አይልክም። ኤል የተጻፈበት ቁልፍ 38 ነው፣ ኤ 30 ነው፤ አማርኛ ላይ ብትሆኑም እንግሊዝኛ ላይ ብትሆኑም ቁጥሩ አይለወጥም። የዩኤስቢ ኪቦርድ ደግሞ ለኤ የሚልከው 4 ነው፣ ከርነሉ (የሊነክስ እምብርት) ነው ወደ 30 የሚቀይረው፣ ከላይ ያለው ፕሮግራም የኪቦርዱን ዓይነት ማወቅ እንዳያስፈልገው። «ላ» የሚባል ነገር የሚወለደው ከዚህ ሁሉ በላይ፣ አማርኛ መጻፊያው ጋ ነው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ሲን የሚባለው ኢቨንት ነው። ዓይነቱ 0፣ ኮዱ 0፣ ዋጋው 0 ነው፣ እና በየመሀሉ ይገባል። ማውሱን ሰያፍ ሳንቀሳቅሰው ነው የተረዳሁት። ወደ ጎን የሄደው አንድ ኢቨንት ነው፣ ወደ ታች የሄደው ሌላ ኢቨንት፤ ሲን እስኪመጣ ካልጠበቃችሁ ቀስቱ እንደ ደረጃ መጀመሪያ ወደ ጎን ከዚያ ወደ ታች ይሄዳል። እንደ አራት ነጥብ አስቡት። እስካሁን ያልኩት አንድ ላይ የሆነ ነው፣ አሁን ጨርሻለሁ፣ ማለት ነው።

በእኔ ኪቦርድ አንድ ቁልፍ ሲጫን ሦስት ኢቨንት ይወጣል፦ የቁልፉ ጥሬ ቁጥር፣ ቁልፉ ራሱ፣ ከዚያ ሲን። ሲለቀቅም ሦስት። «ሰላም» አምስት ቁልፍ ነው፣ ስለዚህ 30 ኢቨንት፣ 720 ባይት። ፋይል ላይ ሲቀመጥ ግን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው የፊደል አቀማመጥ ዘጠኝ ባይት ብቻ ነው፣ ለአንድ ፊደል ሦስት።

ወደ ችግሬ ልመለስ። «ሰላም»ን እየደጋገምኩ ጽፌ 38ን ብቻ ለይቼ አየሁ። ብዙውን ጊዜ 1፣ 0። ሲበላሽ ግን 1፣ 0፣ 1፣ 0። በለቀቀበትና እንደገና በተጫነበት መሀል ያለው 11 ሚሊሰከንድ ነው። የሰው ጣት እንዲህ አይፈጥንም። አማርኛ መጻፊያው ምንም አላጠፋም፤ የተሰጠውን ሁለት ኤል በትክክል «ልላ» አድርጎ ጽፎታል። የተበላሸው ቁልፉ ነው፣ ሲነካ ይነጥራል።

ቁልፉን አንስቼ አጸዳሁት፣ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ስለዚህ ኪቦርዱን ለራሱ ብቻ የሚይዝና ያጣራውን በዩኢንፑት (ፕሮግራም ራሱን እንደ ኪቦርድ እንዲያቀርብ የሚያስችል የሊነክስ መንገድ) በኩል መልሶ የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከለቀቀ በ30 ሚሊሰከንድ ውስጥ የመጣን 38 ይጥላል። የፈራሁት እንደ «አልላክንም» ያሉ ቃላትን ነበር፣ እዚያ ኤል እውነት ሁለቴ ነው የሚነካው። ለካሁት፤ በራሴ ጣት ቢፈጥን 60 ሚሊሰከንድ ነው፣ ይተርፋል።

ልትሞክሩ ካሰባችሁ ሁለት ነገር። ፕሮግራሙ በ20 ሰከንድ ራሱን እንዲያጠፋ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ኪቦርዱን ይዞ ከተሳሳተ እናንተ ማቆሚያ ቁልፍ የላችሁም። ሌላው፣ እነዚህ ፋይሎች በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ፈቃድ፣ ብቻ የሚከፈቱት በምክንያት ነው። ለመገላገል ብላችሁ ራሳችሁን ኢንፑት ግሩፕ (እነዚህን ፋይሎች ያለ ሱዶ እንዲከፍቱ የተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ዝርዝር) ውስጥ አታስገቡ፤ በስማችሁ የሚሮጥ ማንኛውም ፕሮግራም ፓስወርዳችሁን ቁልፍ በቁልፍ ማንበብ ይችላል።

ማጣሪያው ከተነሳ አራት ቀኑ ነው። ይህን ጽሑፍ በዚያው ኪቦርድ ነው የጻፍኩት፣ እስካሁን 23 ኤል ጥሏል።