«ሰባትን ጫኑልኝ»

አይቲ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይቺ ትእዛዝ ትደርሰዋለች። አዲስ ላፕቶፕ ይሰጡትና አሮጌውን ዊንዶውስ 7 ጫንበት ይሉታል። እኛ ጋ የመጣችው ከላብራቶሪ ነው። ከመለኪያ መሣሪያቸው ጋር ተያይዞ ዓመታት ያገለገለው ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ። በምትኩ 8ኛ ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው፣ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ተጭኖበት የመጣ የቢሮ ላፕቶፕ ተገዛላቸው።

የላብራቶሪ ኃላፊው ራሳቸው ይዘውት መጡ። «ልጆች፣ ሰባትን ጫኑልኝ። ሶፍትዌራችን 10 ላይ እምቢ አለ።»

«ምን የሚል ጽሑፍ አመጣብዎት?» አልኳቸው።

«እንጃ፣ የሆነ ነገር ብሎ ነበር። ዘጋሁት።»

ጽሑፉን ቢያስታውሱት ኖሮ ይሄ ታሪክ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ጊዜው ማይክሮሶፍት ለሰባት መደበኛ ድጋፍ መስጠቱን ካቆመ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020) በኋላ ነው። ፈቃዱ አላሳሰበንም፤ ከፋብሪካ ዊንዶውስ 10 ፕሮ ይዞ የሚመጣ ኮምፒውተር ወደ ሰባት ፕሮፌሽናል መመለስ ይፈቀድለታል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ሰባት ሲባል ዓይኑ ይበራል። «ከምሳ በፊት ይደርሳል» አለኝ። እኔ የዲስኩን ቅጂ ሳላስቀምጥ ምንም ነገር አልነካም፤ ስለዚህ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ኢሜጅ (እንዳለ ቅጂውን) ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ወሰድኩ። ልጁ ሰዓቱን እያየ ጠበቀኝ።

ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ፕሮግራም) ብዙ አላስቸገረም። ሰኪውር ቡትን (ያልታወቀ ነገር እንዳይነሳ የሚከለክለውን) አጠፋን፣ ሲኤስኤም የሚባለውን አበራን። ሰባት ሰኪውር ቡትን አያውቅም። ስክሪኑን ለማንሳትም የድሮውን የቪዲዮ ባዮስ ይፈልጋል፤ ካጣው አርማው ላይ ተገትሮ ይቀራል። ሲኤስኤም ያንን የድሮ ነገር የሚያስመስልለት ነው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ይሄን ድጋፍ እስከ 2020 እንደሚያስቀር አስታውቆ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ የወጡ ብዙ ላፕቶፖች ላይ ምርጫው ራሱ የለም።

ዋናው ጣጣ የመጣው ሰባትን ልንጭንበት ካዘጋጀነው ፍላሽ ነው። ፍላሹ ተነሳ፣ የመጫኛው ገጽ መጣ፣ «ጫን» የሚለውን በኪቦርድ ነካነው። ከዚያ የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ይጎድላል አለን። ላፕቶፑ ሲዲ ማጫወቻ የለውም! ይባስ ብሎ ድራይቨሩ በፍላሽ ካለህ አሁን ሰካው ይላል። ሰካን። አያየውም። ማውስ ሰካን፣ ሞቷል። የላፕቶፑ የራሱ ኪቦርድ ግን ይሠራል።

ልጁ ፍላሹ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ አዘጋጀ፣ ያው ሆነ። ፍላሹ ምንም አልሆነም። ሰባት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ያኔ የሚያውቀው እስከ ዩኤስቢ 2 ያለውን መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። የዩኤስቢ 3 ድራይቨር አብሮት የመጣው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው። ለጥቂት ዓመታት ማንም ይሄን ልብ አላለውም፣ ምክንያቱም ኢንቴል ሁለቱንም መቆጣጠሪያዎች ጎን ለጎን ያስቀምጥ ነበር። ከ6ኛው ትውልድ (2015) ጀምሮ አሮጌውን አወጣው። ፍላሹ ሲነሳ የሚያነበው ባዮሱ ስለሆነ ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ዊንዶውሱ ራሱ ሥራውን ሲረከብ ግን የመጣበት ፍላሽ ከዓይኑ ይሰወራል። ኪቦርዱ የተረፈው በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ከውስጥ የሚያያዘው በዩኤስቢ ሳይሆን በድሮው ፒኤስ/2 መንገድ ስለሆነ ነው። የሲዲ ወሬው ያሳስታል። መጫኛው የመጣበትን ቦታ ሲያጣው ሌላ የሚለው ነገር ስለሌለው ነው።

መፍትሔው ድራይቨሩን መጫኛው ውስጥ መክተት ነው። ዊንዶውስ ላይ ዲስም የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የመጫኛውን ፋይል ከፍቶ ድራይቨር ያስገባልሃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ፋይሎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው መጫኛው ራሱ የሚነሳበት ነው፣ ሌላኛው ዲስኩ ላይ የሚራገፈው ዊንዶውስ። ድራይቨሩ መጀመሪያው ውስጥ ብቻ ከገባ መጫኑ በሰላም ያልቅና፣ ሪስታርት ሲያደርግ እንደገና ያለ ማውስ ያስቀርሃል።

ዲስኩም የራሱ ጉዳይ ነበረው። ኤንቪኤምኢ የሚባለው አዲሱ ፈጣን ዓይነት ነው፣ ሰባት ይሄንንም አያውቀውም። ማይክሮሶፍት በኋላ ላይ ማስተካከያ አውጥቶለታል፣ ኬቢ2990941 ይባላል። እሱንም ሁለቱ ውስጥ ከተትነው። ሁለተኛው ውስጥ ካልገባ ከመጀመሪያው ሪስታርት በኋላ የሚጠብቅህ ሰማያዊ ስክሪን ነው።

በመጨረሻ ገባ። ልጁ አጨበጨበ። የዴስክቶፑን ሥዕል ሳየው፣ አልዋሽም፣ እኔም ደስ አለኝ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ኢንቴል ለዚህ ትውልድ ግራፊክስ የሰባት ድራይቨር አላወጣም፤ ስለዚህ የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ አይቻልም፣ ፕሮጀክተርም አያወጣም። ዋይፋይ የለም። ዊንዶውስ አፕዴት ደግሞ ፕሮሰሰርህ ለዚህ ዊንዶውስ አይሆንም የሚል መልእክት አምጥቶ ይዘጋል። ማይክሮሶፍት ይሄን እገዳ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ 7ኛ ትውልድንና ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ይመለከታል።

«ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም፣ ሶፍትዌሩ ብቻ ይሥራ» አለ ልጁ። እሺ፣ የሶፍትዌሩን ሲዲ በፍላሽ ገልብጠን መጫኛውን ነካነው።

መጫኛው ከዚህ ኮምፒውተር ጋር አይስማማም፣ የ32 ወይስ የ64 ቢት መሆኑን አረጋግጥ የሚል መልእክት መጣ። ሰባትም 10ም የወጡት በእነዚህ ሁለት ዓይነቶች ነው።

ኃላፊውን ደውዬ ጠራኋቸውና ስክሪኑን አሳየኋቸው። «እሱ ነው! እሱው ራሱ ነው ያኔም ያለኝ» አሉ።

የተቃጠለው ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስኩ ደህና ስለነበር አውጥተን በዩኤስቢ ከፈትነው። ፕሮግራም ፋይልስ የሚለው ፎልደር አንድ ብቻ ነው። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ሁለት መሆን ነበረበት። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒውተር 32 ቢት ሰባት ነበር ማለት ነው። የሶፍትዌሩ መጫኛ ደግሞ ከድሮው ዘመን የተረፈ የ16 ቢት ፕሮግራም ነው፤ 64 ቢት ዊንዶውስ፣ ሰባትም ይሁን 10፣ እንዲህ ያለውን አያስነሳም። ጠቡ ከ10 ጋር አልነበረም። ይሄ ላፕቶፕ ላይ 32 ቢቱን መጫን ደግሞ አይታሰብም፣ ምክንያቱም ዲስኩ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ (የድሮውን ባዮስ በተካው መንገድ) ነው፣ ሰባት ደግሞ በዚያ መንገድ ፒሲ ላይ የሚጫነው 64 ቢቱ ብቻ ነው። የተጫነውን ፎልደር እንዳለ ገልብጦ ማስነሳትም ሞክረናል፤ ተነሳና ፈቃዴን አጣሁ ብሎ ወደቀ።

ያስቀመጥኩትን ኢሜጅ መለስኩ፣ 10 እንደነበረው ሆነ። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚያስመስል ፕሮግራም) ጫንን፣ ውስጡ 32 ቢት ሰባት አስገባን (ቢሮው በሳጥን የገዛው ፈቃድ ነበረው)። ለእሱ 2 ጊጋ ራም ይበቃዋል። ፍላሽ የለ፣ ድራይቨር መክተት የለ፣ ምክንያቱም ቨርቹዋል ማሽኑ የሚያሳየው ዕቃ ሁሉ ሰባት የሚያውቀው ዓይነት ነው። የሶፍትዌሩ መጫኛም ያለ ምንም ቅሬታ አለፈ።

የፈራሁት የመለኪያ መሣሪያውን ነበር። በሲሪያል ገመድ ነው የሚሠራው፣ ላፕቶፑ ያ ቀዳዳ የለውም። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ገዛን፣ ድራይቨሩን 10 ላይ ጫንን፣ ከዚያ ቨርቹዋልቦክስ ያንን ፖርት ለሰባት እንዲያቀብለው አደረግን። ሰባት ተራ ኮም 1 (የመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት) አድርጎ ያየዋል፣ ድራይቨርም አይጠይቅም። የኔትወርክ ካርዱን ከቨርቹዋል ማሽኑ አወጣሁት። የደህንነት ማስተካከያ የማይደርሰውን ዊንዶውስ ኔትወርክ ላይ መተው ለእኔ አይዋጥልኝም። ውጤቱ የሚወጣው በጋራ ፎልደር ነው።

ኃላፊው መጥተው ዞር ዞር አድርገው አዩት። «ሰባት ነው አይደል?»

«ሰባት ነው።»

«ታዲያ ከታች 10 ምን ይሠራል?»

አስረዳኋቸው። ብዙም አልጣማቸውም፣ ሠራተኞቹ ግራ ይጋባሉ አሉ። ልክ ናቸው። ላፕቶፑ ሲበራ ሰባት ራሱ ተነስቶ ሙሉ ስክሪን እንዲይዝ አደረግነው። ለመውጣት የቀኝ ኮንትሮልና ኤፍ እንደሚነካ ወረቀት ላይ ጽፈን ክዳኑ ላይ ለጠፍን። የቨርቹዋል ማሽኑን ፋይል ሁለት ቦታ ገልብጠናል። የመሣሪያውን አምራች በ64 ቢት የሚሠራ ሶፍትዌር አላችሁ ወይ ብለን ጽፈንላቸዋል፣ መልሱን እየጠበቅን ነው።