ለሥራ ምልልስ ነዳጅ ቆጣቢ ያገለገለ ፒክአፕ የመረጥኩበት መንገድ

ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ያገለገለ ትንሽ ፒክአፕ ለመግዛት ስነሣ፣ መኪና ከማየቴ በፊት ሥራዬ ምን እንደሚጠይቅ በወረቀት አሰፈርኩ። አብዛኛውን ጊዜ የምነዳው ብቻዬን ነው፤ የምጭነው የመሣሪያ ሳጥንና አልፎ አልፎ ጥቂት ዕቃ ነው፤ መንገዴም ከሞላ ጎደል አስፋልት ነው። ይህ ከተጻፈ በኋላ ደብል ጋቢና፣ አራቱንም ጎማ የሚያንቀሳቅስ ፎር ዊልና ትልቅ ሞተር ለእኔ አስፈላጊ አለመሆናቸው ግልጽ ሆነልኝ። ደብል ጋቢና ክብደት ይጨምራል፤ ፎር ዊል ያላት መኪናም ባታስገቡት እንኳ ለፊት ጎማዎች ኃይል የሚያደርሱትን የፊት ዲፈረንሻሉንና ተጨማሪውን ካምቢዮ ዕለት ዕለት ተሸክማ ትሄዳለች፤ ለዚያ ሸክም ደግሞ የሚከፈለው በነዳጅ ነው።

ስለ ነዳጅ ቁጠባ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የመኪናው ስም ነው። ስም ብቻውን ብዙ እንደማይነግር የተረዳሁት የፎርድ ሬንጀርን መረጃ ሳገላብጥ ነበር። እስከ 2011 ድረስ በሰሜን አሜሪካ ሲመረት ከቆየው ትንሹ ሬንጀር መካከል፣ 2.3 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርና ማንዋል ካምቢዮ ያለው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄደው ዓይነት፣ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ግምት ለ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ገደማ ሲፈልግ፣ 4.0 ሊትር ሞተርና ፎር ዊል ያለው ግን ከ13 ሊትር በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የቶዮታና የኒሳን ባለ 2.4 ሊትር ፒክአፖችንም ሳይ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ጋቢናውን ለይቼ እጽፍ ነበር። ኤጀንሲው ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የአለካክ ዘዴውን ስለለወጠ፣ ከዚያ በፊት በአዳዲስ መኪኖች ላይ የተለጠፈው ቁጥር ከኋለኛው ይልቅ ቆጣቢ አድርጎ እንደሚያሳያቸውም ማስታወስ ይገባል።

ሻጮች «በሊትር ይህን ያህል ትሄዳለች» ማለት ይቀናቸዋል፤ ይህ አነጋገር ግን ለማወዳደር አይመችም። በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ከምትሄድ መኪና 8 ወደምትሄደው መሸጋገር በ1,000 ኪሎ ሜትር 42 ሊትር ገደማ ያድናል፤ ከ12 ወደ 16 መሸጋገር ግን ለጆሮ የሚበልጥ ቢመስልም የሚያድነው 21 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሁሉንም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጆታ ለውጬ አሰላሁ። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከ12 ሊትር ወደ 9 ሊትር መውረድ 600 ሊትር ማትረፍ ነው፤ ቆጣቢ ናት የምትባለው ፒክአፕ ከሌላዋ አብልጣ የምትወደድ ከሆነ፣ የዋጋው ልዩነት በስንት ዓመት እንደሚመለስ የሚታወቀው በዚህ ስሌት ነው።

ናፍጣ ወይስ ቤንዚን የሚለው ጥያቄ ብዙ አሳስቦኛል። የናፍጣ ሞተር በጭነትና በረጅም መንገድ ያለ ጥርጥር ይቆጥባል፤ አንድ ሊትር ናፍጣም ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ የሚበልጥ ኃይል ይዟል። ሆኖም ዘመናዊዎቹ የናፍጣ ፒክአፖች በጭስ ማውጫቸው ላይ ጥቀርሻ የሚይዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ማጣሪያው ጥቀርሻውን አቃጥሎ ራሱን የሚያጸዳው ጭሱ በሚገባ ሲግል ስለሆነ፣ አጭር አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ ቀስ በቀስ ይደፈናል። የእኔ ምልልስ አጭር ነውና ቱርቦ የሌለውን ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር መረጥኩ።

ምርጫው ከጠበበ በኋላ ዋናው ሥራ መኪናዋን ራሷን መመርመር ነበር፤ ከፋብሪካ ቆጣቢ ሆና የወጣች መኪና በአያያዝ ጉድለት ነዳጅ የምትበላ ልትሆን ትችላለችና። ሻጮቹ ሞተሩን ቀድመው እንዳያስነሡ አስቀድሜ እጠይቅ ነበር፤ ደርሼም መጀመሪያ ኮፈኑን በእጄ እነካለሁ፤ ምክንያቱም የደከመ ሞተር ድምፁም ጭሱም የሚጋለጠው በቅዝቃዜው ሲነሣ ነው። በሙከራ ጉዞው ላይ የሙቀት መለኪያውን እከታተላለሁ፤ ቀስቱ ብዙ ከተነዳም በኋላ ከታች የሚቀር ከሆነ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውሃ ዝውውር የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታት ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ነዳጅ አብዝቶ ይረጫል።

ከሙከራ ጉዞው ስመለስ እጄን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠግቼ ሙቀቱን አነጻጽር ነበር። አንዲት መልኳ ያማረ ፒክአፕ የኋላ ቀኝ ቸርኬዋ ከሌሎቹ ተለይቶ እጅ ያቃጥል ነበር፤ መካኒኩ በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ሲያዞረው ግማሽ ዙር እንኳ ሳይሄድ ቆመ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ፍሬኑን አልለቅ ብሎ ነበር፤ ባለቤቷ «ነዳጅ ትወዳለች» ሲል የነበረውም ስለዚህች መኪና ነው። ጎማዎቹ በሾፌሩ በር ማዕቀፍ ላይ ከተለጠፈው መጠን ጋር መስማማታቸውንም አረጋግጣለሁ፤ ተለቅ ያለ ጎማ ከተገጠመ ቆጣሪው ከእውነተኛው ርቀት ያነሰ ስለሚመዘግብ ስሌቱ ሁሉ ይዛባል። ከነዳጅ ጋር ባይገናኝም የሻንሲውን ዝገት ግን ማንም እንዳያልፈው እመክራለሁ፤ በትንሽ መዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የማይሰጥ ሻንሲ ያላትን መኪና ምንም ብትቆጥብ አልገዛም።

በመጨረሻ የገዛሁት ነጠላ ጋቢና ባለ ማንዋል ካምቢዮ ፒክአፕ ነው። ካንዴላውንና የአየር ፊልትሮውን ቀይሬ፣ የጎማውን ንፋስ አስተካክዬ፣ በተቀዳ ቁጥር ታንከሩን እየሞላሁ ሊትሩንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር መያዝ ጀመርኩ፤ ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተኩል አካባቢ ላይ ረጋ። ፒክአፕ ነፋስን በቀላሉ የሚሰነጥቅ ቅርጽ የለውም፤ ፍጥነት ከ90 ወደ 110 ሲያድግ የአየሩ ተቃውሞ በግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ መንገዱ ቢፈቅድም ከ90 አላልፍም። ደብተሩ ሌላም ጥቅም ሰጥቶኛል፤ አነዳዴም መንገዴም ሳይለወጥ ቁጥሩ ወደ 11 ሲወጣ አይቼ መኪናዋን ለመካኒክ ባሳይ፣ የማስጠንቀቂያ መብራቱ ገና ሳይበራ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን እየለካ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው የኦክሲጅን ሴንሰር መድከሙ ተገኘ፤ ከተቀየረ በኋላ ፍጆታው ወደ ቀድሞው ተመለሰ።