1996 ዓ.ም. እና የእህቴ ልጅ ማመልከቻ

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ የማንን ስም ልጻፍ?»

የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረችው። ገና የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው መጀመሪያ ላይ ነን። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እሷ የአባቷን ስም ጽፋለች። ማናችንም ብንሆን መጀመሪያ የምንጽፈው እሱን ነው።

«ፓስፖርትሽን አምጪው» አልኳት።

ፓስፖርቷ ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ያለው የአያቷ ስም ነው። የትምህርት ማስረጃዋ ላይ ደግሞ ሦስቱም ስሞች በተርታ ተጽፈዋል። በዚያ ላይ የአባቷ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዱ ወረቀት ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ በ«አይ» ያልቃል። ለእኛ ያው አንድ ስም ነው። ባሕር ማዶ ቢሮ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ግን ሁለት ሰው ነው። ሁሉንም እንደ ፓስፖርቱ አስተካከልነው።

ይህ የሆነው ኅዳር 2017 መጨረሻ ላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ እህቴ በዕጣ የደረሳት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ወደ አዳማ የሚወስደው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ነው። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በ2000 ዓ.ም. በዲቪ ወጣሁ። አያቴን በሕይወት አላየሁትም። ግን 16 ዓመት ሙሉ በሥራ ቦታዬ የምጠራው በእሱ ስም ነው። የአባቴ ስም አንድ ፊደል ሆኖ መሃል ቀርቷል።

ልጅቷ አገሯ ያለውን ትምህርት አልናቀችም። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከእህቴ ቤት ሩቅ አይደለም። የተለየ የመግቢያ ፈተና አለው፤ እሱንም ልትፈተን አስባለች። ማትሪክም አለባት። ግን ፍርሃቷ ይገባኛል። በ2014 ዓ.ም. ማትሪክ ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ጎበዝ የሚባሉ የጎረቤት ልጆች ቤት ሲቀሩ አይታለች። አንዱ ባይሆን ሌላው ይሆናል ብላ ነው። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጋሩት ማመልከቻ አለ፤ ኮመን አፕ ይባላል። አንዴ ተሞልቶ እስከ 20 ለሚደርሱ ትምህርት ቤቶች ይላካል። እሷ ስድስት መረጠች።

ትራንስክሪፕቷን ሳይ ነው የደነገጥኩት።

9ኛ ክፍል 2014 ይላል። 10ኛ ክፍል 2015። 11ኛ ክፍል 2016። ፓስፖርቷ ደግሞ በፈረንጅ 2007 ተወለደች ይላል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው በ7 ዓመቷ 9ኛ ክፍል የገባች ልጅ ነው።

ይህን የማውቀው ደርሶብኝ ነው። በ2002 ዓ.ም. እዚያ አንድ ኮሌጅ አመለከትኩ። ነርስ መሆን ነበር ሐሳቤ። ቀን ፓርኪንግ እየሠራሁ ማታ ልማር። 12ኛ ክፍል የጨረስኩት በ1996 ነው፤ ማስረጃዬም እንደዚያው ይላል። የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን የሚናገሩ ሁለት ትንንሽ ፊደሎች አጠገቡ አሉ። ማንም ልብ አላላቸውም። ፓስፖርቴ ላይ ልደቴ 1985 ነው። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ወረቀቶቹን አገላበጠች። ቀና ብላ አየችኝና «ሁለተኛ ደረጃን የጨረስከው በ11 ዓመትህ ነው?» አለችኝ።

ለማስረዳት ሞከርኩ። የእኛ ዘመን ከእናንተ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው፤ አዲስ ዓመት የሚገባው መስከረም ላይ ነው፤ 13 ወር አለን። እንግሊዝኛዬ ያኔ ገና ነበር። ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ የምዋሽ መሰልኩ። ፋይሉ ይጣራ ተባለ። መልሱ የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ማስረጃዬ ትክክል ነው የሚል ደብዳቤ። ያን ጊዜ ትምህርቱ ተጀምሯል። አባቴ ታሞ ስለነበር የማታ ሥራም ይዣለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር እመለሳለሁ አልኩ። 15 ዓመት ሊሞላው ነው።

ለእህቴ ይህን ነግሬያት አላውቅም ነበር። ትምህርቱ የት ደረሰ ስትለኝ፣ ሥራ በዛብኝ ነበር የምላት። የዚያን ዕለት ማታ ለልጅቷ ሳወራላት ከማድቤት ሰማች። ቡና እየቆላች ነበር። እጇ ቆመ። ቡናው እስኪያርር ድረስ ምንም አላለችም።

በማግስቱ ትምህርት ቤቷ ሄድን። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ጎን የፈረንጁን ይጻፉልን። 2014 ያለው ጎን 2021/22 ይግባ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ወዲያው ገባቸው፤ አሠሩልን። ማኅተሙ ግን ሦስት ቀን ፈጀ። ማኅተም የያዙት ሴትዮ ለቅሶ ላይ ነበሩ። አልፈርድም። ለቅሶ ነው። ልጅቷ ግን ሦስቱንም ቀን እህል በአግባቡ አልበላችም።

ማመልከቻው የትምህርት ቤት አማካሪ ደብዳቤም ይፈልጋል። በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ ባለበት ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? ምክትል ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ጻፉ። የፊዚክስ መምህሯም ጻፉ። እሳቸው የሚጠቀሙት ቴሌግራም ነው፤ ኢሜይላቸውን ከከፈቱት ቆይቷል። ስልካቸው ላይ አብረን ከፈትንላቸው። መጀመሪያ የጻፉት «ጨዋና ታታሪ ተማሪ ናት» የሚል ሦስት መስመር ነበር። እንደኛ አገር ወግ ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። እዚያ ግን አንድ የሠራችውን ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ። «መምህር፣ የተገረሙባትን አንድ ቀን ይንገሩልን» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና አንድ ገጽ ሙሉ ጻፉ።

የእንግሊዝኛ ፈተናውን ቤት ሆና ነው የወሰደችው፤ የዱኦሊንጎውን። ፈተናው ሲጀመር ሌላ ሰው ክፍል ውስጥ መግባት የለበትም፤ ዓይንም ከስክሪኑ መራቅ የለበትም። እህቴ ደረጃው ላይ ቆማ የሰፈሩን ልጆች ዝም ታሰኛለች። መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ነበረው። ዋይፋዩ ግን ከመብራቱ ጋር ሄደ። ከሁለት ቀን በኋላ በስልክ ዳታ እንደገና ተቀመጠች። አለፈ።

እኔን የከበደኝ የገንዘቡ ፎርም ነው። ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል ይባላል። የቤተሰብ ገቢ በዝርዝር ይጠየቃል። የእህቴ ደመወዝ በወር 9,000 ብር ነው፤ በዓመት 108,000። ከሐምሌ 2016 በፊት 1 ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ወደ 1,900 ዶላር ይሆን ነበር። ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን 1 ዶላር ከ120 ብር አልፏል። ያው ደመወዝ 900 ዶላር አይሞላም። እህቴ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት ትወጣለች፤ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ትገባለች።

«ይህን ሲያዩ አያፍሩብንም?» አለች ልጅቷ።

አንዳንድ ሰው ቁጥሩን ከፍ አድርጉት ይላል፤ ሌላው ቀንሱት ይላል። ሁለቱንም አትስሙ። እውነቱን ጻፉ፤ ማስረጃ ይጠየቃል። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም.አይ.ቲ. የውጭ ተማሪን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አያዩም፤ እንዲህ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ አቅም ያያሉ። ስለዚህ ስድስቱንም ስትመርጡ መጀመሪያ ለውጭ ተማሪ እርዳታ ይሰጣሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የማመልከቻ ክፍያም ቢሆን አቅም ለሌለው የሚቀርበት መንገድ አለ፤ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይጽፋል።

እዚያው ፎርም ላይ ከዘመድ የሚመጣ ድጋፍ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ልጅቷ ጣቷን ኪቦርዱ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። በወር 200 ዶላር እልካለሁ። በዓመት 2,400። ስትጽፈው አየሁት። ከእናቷ ደመወዝ ይበልጣል። እናቷ አጠገባችን ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ያን ቁጥር እኔ በሌሊት ፈረቃ ነው የማውቀው፤ እህቴ በወር አስቤዛ ነው የምታውቀው። አንድ ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ሁላችንም አንድ ላይ ስናየው የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር። እህቴ እንዝርቷን አስቀምጣ ትከሻዬን ያዘችኝ።

ድርሰቱ ከፍተኛው 650 ቃል ነው። ልጅቷ መጀመሪያ የጻፈችው ስለ አክሱምና ላሊበላ ነው። ጥሩ ጽሑፍ ነው፤ እሷ ግን የለችበትም። ልጅ ሆነን «እኔ፣ እኔ» አትበሉ ተብለን ነው ያደግነው፤ ስለ ራስሽ ጻፊ ስትባል አፈረች። ጠረጴዛው ሥር አንድ የተጣጠፈ ደብተር አየሁ። አራተኛ ፎቅ ውሃ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ እሱም በሌሊት። እሷ የመጣበትን ቀንና ሰዓት ለ14 ወር መዝግባለች። ከዚያ ተነስታ ቀጣዩን ትገምታለች። ብዙ ጊዜ ልክ ናት። የብሎኩ ሴቶች ጄሪካን ከማዘጋጀታቸው በፊት እሷን ነው የሚጠይቋት።

«ይህን ጻፊ» አልኳት።

«ይህም ይጻፋል እንዴ?»

በሦስት ሌሊት ጨረሰችው። አንድ ቃል አልነካሁባትም።

የአምስቱ ትምህርት ቤቶች የመጨረሻ ቀን በፈረንጅ ጃንዋሪ 1 ነው፤ ታኅሣሥ 23። ሰዓቱ 11:59 ይላል። ደብተሯን ሳይ ምን ጽፋ ነበር መሰላችሁ? «ታኅሣሥ 24፣ ሊነጋ ሲል 11:59»። በእኛ ሰዓት አስባው ነው። የመጨረሻው ሰዓት የሚታሰበው በአሜሪካ ሳይሆን አመልካቹ ባለበት አገር ነው፤ በፈረንጅ አነጋገር ማታ 11:59 የሚባለው ለእኛ ከምሽቱ 5:59 ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ትርፍ ያላት መስሏታል። ይህን ሳናይ ብናልፈው የአንድ ወር ልፋት ውሃ በልቶት ነበር።

ታኅሣሥ 23 ማታ ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ የመጨረሻውን ላከች። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ብጥስጣሽ ዘነበ። እህቴ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ እልል አለች። ከታችኛው ፎቅ አንድ ሰው ተቀብሎ እልል አለ።

አሁን ቨርጂኒያ ነኝ። ውጤቱ መጋቢት ውስጥ ነው የሚመጣው፤ እሷ ማትሪኳን እያጠናች ነው። ትናንት ደወለች። አንዱ ትምህርት ቤት በቪዲዮ ሊያነጋግራት ቀጠሮ ሰጥቷታል።

«ሐሙስ ጠዋት በ10 ሰዓት ይላል፤ የዋሽንግተን ሰዓት። ጋሼ፣ በእኔ ስንት ነው?»

«ማታ 12 ሰዓት። ፀሐይ ስትጠልቅ።»

ዝም አለች። ደብተሯን ስትገልጥ ይሰማኛል።

«ጥሩ ነው» አለች። «ሐሙስ ውሃ የሚመጣው ከ3 ሰዓት በኋላ ነው።»